የዳክዬ ጫጩቷ ቀዳዳ አወጣች ከዛ ዝም አለች፣ ልርዳት ወይስ ልተዋት?

ጥያቄ፦ እትዬ ሰላም ለርስዎ ይሁን። አምዱን ሁሌም ነው የማነበው፣ ዛሬ ግን አንጀቴን የበላኝ ነገር ስላለ ነው የጻፍኩልዎ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ግቢያችን ሰፋ ስለሚል ዶሮ እናረባለን፣ ባለፈው ወንድሜ ከቢሾፍቱ 12 የዳክዬ እንቁላል ይዞልኝ መጣና ባለችኝ ትንሽ ኢንኩቤተር (የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን) ውስጥ ከተትኩት። በባትሪ ሳይ 7ቱ ሕይወት አላቸው። በ27ኛው ቀን ጠዋት አንዷ ቅርፊቱን ወጋችው፣ ድምጿ እየተሰማ ልጆቼ ትምህርት ቤት አንሄድም ብለው አለቀሱብኝ። እስከ ማታ ምንም የለም፣ በማግስቱ ጠዋትም ያው ቀዳዳ ነው። እናቴ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ተያት» ብላኝ ነበር፣ እኔ ግን ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን አምኜ በጥፍሬ ቅርፊቱን መላጥ ጀመርኩ። ትንሽ እንደላጥኩ ደም መጣ። ደንግጬ ጎትቼ አወጣኋት፣ ሆዷ ላይ ቢጫ ነገር ተንጠልጥሎ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ሞተች። ሁለተኛዋን ደግሞ ፈርቼ ሳልነካት ቆየሁና በ3ኛው ቀን ሳያት እዛው ቅርፊቷ ውስጥ ደርቃ ሞታለች። 4ቱ በሰላም ወጡ፣ አንዱ እንቁላል ሳይወጋ ቀረ። አሁን ሌላ 10 እንቁላል ገብቶ ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። አንዷን ነክቼ ገደልኳት፣ አንዷን ሳልነካ ገደልኳት፣ ታዲያ መቼ ነው የሚነካው መቼ ነው የሚተወው?
ልጆቿ ዳክዬ የሚጠብቁባት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጄ አይዞሽ፣ ገደልኳት አትበዪ። እኔም የመጀመሪያዬን ልክ እንዳንቺ ነው ያጣኋት፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ የምረዳት መስሎኝ። ያቺ ቢጫ ነገር እስካሁን አይኔ ላይ አለች፣ ስለዚ ደብዳቤሽን ሳነብ ምን እንደተሰማሽ አውቀዋለሁ። መጽሔቱ እጅሽ እስኪገባ እንቁላሎችሽ 20ኛ ቀን አካባቢ ይሆናሉና ጊዜ አለሽ፣ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ነገሩ ምን መሰለሽ፣ ጫጩቷ እንቁላል ውስጥ እያለች በሳንባዋ አይደለም የምትተነፍሰው። ቅርፊቱን ከውስጥ በኩል የለበሰው ስስ ሽፋን ላይ የደም ሥር እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቷል፣ አየሩ በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳ ገብቶ በዛ የደም ሥር ነው ወደሷ የሚደርሰው፣ ልክ እንደ እንግዴ ልጅ በይው። መውጫዋ ሲደርስ መጀመሪያ የምትበሳው ቅርፊቱን ሳይሆን ሰፊው ጫፍ ላይ ያለውን የአየር ኪስ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳንባዋ የምትተነፍሰው ያኔ ነው፣ ጆሮሽን ስታስጠጊ ቀጭን ድምፅ የምትሰሚውም ከዚህ በኋላ ነው። ከዛ ከ12 እስከ 24 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ቆይታ መንቁሯ ጫፍ ላይ ባለችው ጠንካራ ነጭ ነጥብ ቅርፊቱን ትወጋለች። አንቺ ቀዳዳውን አይተሽ «መጣች!» ያልሽው ያኔ ነው። እሷ ግን ገና ነች። ያ ሁሉ በሽፋኑ ላይ የተዘረጋ ደም ወደ ሰውነቷ መመለስ አለበት፣ የቀረው አስኳልም በእምብርቷ በኩል ሆዷ ውስጥ ተስቦ መግባት አለበት፣ ለመጀመሪያ ሁለት ቀን ስንቋ እሱ ነው። ለዚህ ሥራ ዳክዬ ከወጋች በኋላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ትወስዳለች። አንቺ ዶሮ ነው የለመድሽው፣ የዶሮ ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ስለምትጨርስ ነው ዳክዬዋ የተጣበቀች የመሰለሽ። በ24ኛው ሰዓት ስትልጫት ደሙ ገና ሽፋኑ ላይ ነበር፣ አስኳሉም ገና ውጪ ነበር። እናትሽ ልክ ነበሩ።

ሁለተኛዋ ግን ሌላ ነች። እሷ በጊዜዋ ወግታለች፣ ግን አንቺ የመጀመሪያዋን ለመርዳት ክዳኑን ስትከፍቺ ስትዘጊ እርጥበቱ ወጥቶ ሄዷል፣ ውስጡ ያለው ሽፋን ደርቆ እንደ ብራና ሆኖ ጥርቅም አድርጎ ይዟታል ብዬ ነው የምገምተው። እንደዛ የተያዘች ጫጩት ጉልበት ቢኖራትም መዞር አትችልም፣ ካልዞረች ደግሞ ቅርፊቱን ዙሪያውን መቁረጥ አትችልም። እንደሷ አይነቷን ነው መርዳት።

ስለዚ ሰዓቱን መያዝ ጥሩ ነው ግን የሚወስነው ሰዓቱ አይደለም፣ ደም ሥሩ ነው። እኔ አሁን እንደዚ ነው የማደርገው። የወጋችበትን ሰዓት እንቁላሉ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። እስከ 36 ሰዓት ድረስ ቀዳዳው ሰፊው ጫፍ ላይ ከሆነና ድምጿ ካለ በመስኮቱ ብቻ ነው የማያት፣ ክዳን አልከፍትም። 36 አልፎ ወደ 48 ሲጠጋ ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ወይም በቀዳዳው በኩል የሚታየው ሽፋን ቡና አይነት ሆኖ ከደረቀ፣ ወይም ዙሪያውን መቁረጥ ጀምራ በመሃል ለብዙ ሰዓት ካቆመች፣ ያኔ እጄን ታጥቤ እገባለሁ። ክፍሉን አሞቃለሁ፣ ጀበና ወይም ድስት ጥጄ እንፋሎት እንዲሞላው አደርጋለሁ፣ አንዷን ብቻ አውጥቼ ክዳኑን ወዲያው እዘጋለሁ።

መጀመሪያ የምነካው የአየር ኪሱ ያለበትን ቅርፊት ብቻ ነው። በባትሪ ስታዪው የኪሱ ጠርዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ በእርሳስ አስምሪው፣ ከመስመሩ በታች አትውረጂ። ከቀዳዳው ጀምረሽ በትንሽ በትንሹ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ እያሳነስሽ፣ በወረንጦ ቅርፊቱን አንሺ። ኪሱ ላይ ያለው የውጪ ሽፋን ነጭና ደረቅ ነው፣ ደም ሥር የለውም፣ እሱ ሲነሳ አትፍሪ። ከሱ ስር ያለው ጫጩቷን የለበሰው ሽፋን ነው ዋናው። የጆሮ ጥጥ ውሰጂ፣ ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ ንከሪ፣ ሽፋኑን ብቻ አርጥቢው፣ ከአፍንጫዋ ቀዳዳ አርቀሽ፣ ውሃ ከገባባት ትሰጥማለች። ሲረጥብ ልክ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን ያሳልፋል። እዚህ ጋ ቁሚና እዪ። ቀይ ክር የመሰለ ነገር ተዘርግቶ ካየሽ ደሙ ገና አልገባም ማለት ነው፣ በቃ አትቀጥዪ፣ አርጥበሽ ወደ ማሽኑ መልሻት፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይተሽ ድጋሚ እዪ። እኔ አንዷን አራት ጊዜ መልሻታለሁ፣ ከማታ 1 ሰዓት እስከ ጠዋት፣ አሁን እንቁላል ጥላለች። አፏን ከፈት ዘጋ፣ እንደማኘክ የምታደርግ ከሆነም አስኳሏን እየሳበች ነው ይባላል፣ ተያት።

ክሩ ጠፍቶ ሽፋኑ ነጣ ካለ በእርጥብ ጥጥ ከመንቁሯ ጀምረሽ ወደ ኋላ እያንከባለልሽ ግለጪው፣ ጭንቅላቷ ነጻ እስኪወጣ ብቻ። በቃ እዛ ላይ አቁሚ። ልጄ ይሄን በጣም ነው የምለምንሽ፣ ጎትተሽ አታውጫት። ታችኛውን ቅርፊት እንደ ሱሪ ለብሳ ወደ ማሽኑ ትመለስ፣ በእግሯ ገፍታ ራሷ ትወጣ፣ እምብርቷ አካባቢ አስኳል ቀርቶ ቢሆን እንኳን ለመጨረስ ጊዜ ታገኛለች። መሃል ላይ ደም ጠብ ካለ በንጹህ ጥጥ ቀስ ብለሽ ተጫኚው፣ የበቆሎ ስታርች ካለሽ ትንሽ ነስንሺበት፣ ሲቆም መልሻት። ወጥታ እምብርቷ ላይ እርጥብ ነገር ካለ ቤታዲን በጥጥ ነካ አድርጊለት፣ የተንጠለጠለውን ነገር አትቁረጪ አትሳቢ፣ እንዳትጎትተው ትንሽ ሳህን ውስጥ እርጥብ ንጹህ ጨርቅ አንጥፈሽ ማሽኑ ውስጥ አስቀምጫት።

በጠባቡ ጫፍ በኩል ብትወጋ ጭንቅላቷ ያለቦታው ነው ያለው፣ እዛ የአየር ኪስ ስለሌለ ከመጀመሪያው ዓይንሽን ጣዪባት፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን ጠብቂ፣ እርዳታ የማስፈለጉ ነገር ብዙ ነው፣ ግን የደም ሥሩ ሕግ ያው ነው። ሳይወጋ የቀረብሽ 7ኛው ደግሞ ምን እንደሆነ ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም፣ ለሌላ ጊዜ ግን በባትሪ ስታዪ የመንቁር ጥላ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ወዲያ ወዲህ ሲል ካየሽና ከ24 ሰዓት በላይ ሳትወጋ ከቆየች፣ በአልኮል የተጠረገ መርፌ ይዘሽ በኪሱ አናት ላይ እያዞርሽ የመርፌውን ጫፍ ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ አድርጊላት፣ አየር ታገኛለች። ከዛ ትቶ መጠበቅ ነው።

አሁን ግን ዋናውን ልንገርሽ፣ በመፈልፈያው በ28ኛው ቀን የሚመጣ ጣጣ አብዛኛው የሚሠራው ካሁኑ ነው። እኛ ያለነው ከፍታ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። አየሩ ሲሳሳ ሁለት ነገር ይሆናል፣ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ ከእንቁላሉ የሚተነው ውሃ ደግሞ ይፈጥናል። ከማሽኑ ጋር የመጣችው ወረቀት ይሄን አትነግርሽም፣ ቆላ ላለ ሰው የተጻፈች ነች። ስለዚ የአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹን ሙቀት ይወጣል ብለሽ እንዳትደፍኚ፣ በተለይ መጨረሻ ላይ ጫጩቶቹ በሳንባቸው መተንፈስ ሲጀምሩ ሙሉ ለሙሉ ክፈቻቸው፣ እርጥበቱን ደግሞ ውሃ በመጨመር ያዥው። እስከ 25ኛው ቀን 55 በመቶ አካባቢ፣ ከዛ በኋላ 70 ወይም ትንሽ ከፍ። ሙቀቱ ፋን ካለው 37.5 ዲግሪ፣ ፋን ከሌለው በእንቁላሉ አናት ልክ ተለክቶ 38 ተኩል ገደማ። በ25ኛው ቀን እንቁላሉን ማዟዟር ይቆማል፣ ክዳኑም ይዘጋል።

እርጥበት መለኪያዎቹ ብዙ ጊዜ ስለሚዋሹ እኔ ሚዛን ነው የማምነው። የግራም ሚዛን ካለሽ እንቁላሎቹን ዛሬ መዝኚያቸውና በየሳምንቱ ድገሚው። 80 ግራም ሆኖ የገባ እንቁላል በ25ኛው ቀን 10 ግራም ገደማ ነው መቀነስ ያለበት። ከዛ በላይ ከቀነሰ እየደረቀ ነው፣ ውሃ ጨምሪ፣ በጣም ትንሽ ከቀነሰ ደግሞ ውሃ በዝቷል፣ ኪሱ ትንሽ ሆኖ ጫጩቷ መተንፈሻ ታጣለች። የገባበትን ካልመዘንሽ በባትሪ ኪሱ በየሳምንቱ እየሰፋ መሄዱን እዪ። በመጨረሻው ሰሞን ክዳን መክፈት ግድ ካለሽ ንጹህ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረሽ ጨምቀሽ አብረሽ አስገቢ፣ እርጥበቱን ቶሎ ይመልሰዋል። ልጆቹን ደግሞ በመስኮቱ አሳዪያቸው እንጂ እንዳይከፍቱ አደራ፣ የወንበር ተራ አውጪላቸው።

ጥያቄ፦ እህቴ እንደምን አለሽ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በዳክዬና በዶሮ ነው ጊዜዬን የማሳልፈው። እዚህ መብራት ሲጠፋ ሁለትም ሦስትም ሰዓት ይቆያል፣ ባለፈው በ22ኛው ቀን አራት ሰዓት ሙሉ ጠፋና ሁሉንም አውጥቼ ልጥለው ስል ባለቤቴ ከለከለችኝ። ልክ ነች?

መልስ፦ ጋሼ፣ ባለቤትዎ ልክ ናቸው፣ እንዳይጥሉት። እናት ዳክዬም እኮ በየቀኑ ከጎጆዋ ተነስታ በልታ ታጥባ ትመለሳለች፣ እንቁላሉ ያኔ ይቀዘቅዛል። በ22ኛው ቀን ጫጩቷ ራሷ ሙቀት ታመነጫለች፣ እንቁላሎቹ አንድ ላይ ካሉ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። መብራት ሲሄድ ክዳኑን አይክፈቱ፣ ማሽኑን በጋቢ ይሸፍኑት፣ የአየር ቀዳዳውን ግን ክፍት ይተዉት፣ ከቆየ በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተው በዙሪያው ያስደግፉለት። ከቅዝቃዜው ይልቅ የሚያስፈራው መብራቱ ሲመጣ አንዳንድ ማሽን ከልክ በላይ መሞቁ ነው፣ 40 ዲግሪ ደርሶ ከቆየ ሊሞቱ ይችላሉ፣ ስለዚ መብራት እንደመጣ ለግማሽ ሰዓት ቴርሞሜትሩን አይለዩት። በማግስቱ በባትሪ ይዩአቸው፣ ደም ሥሩ ጥርት ብሎ ከታየና እንቅስቃሴ ካለ ይቀጥሉ፣ አንድ ሁለት ቀን ቢዘገዩም አይጨነቁ። ከሰል ግን ማሽኑ ባለበት የተዘጋ ክፍል ውስጥ አያስገቡ፣ ለእንቁላሉም ለእርስዎም ነው የምለው።

ጥያቄ፦ እትዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምጽፍልዎ። ጎረቤታችን 6 የዳክዬ እንቁላል ለልጄ ሰጠችው፣ በትንሽ ኢንኩቤተር አስገባነው፣ ዛሬ 30ኛ ቀን ነው፣ አንዱም አልወጋም ግን በባትሪ ሳይ ይንቀሳቀሳሉ። ልስበራቸው? ልጄ 4 አመቱ ነው፣ በየቀኑ ነው የሚጠይቀኝ።

መልስ፦ የኔ እናት፣ እንዳትሰብሪ! ጎረቤትሽን አንድ ነገር ጠይቂያት፣ ዳክዬዎቿ ፊታቸው ላይ ቀይ ሥጋ የመሰለ ጓጎላ አላቸው ወይ? ካላቸው ሙስኮቪ ናቸው። ሙስኮቪ ከላቲን አሜሪካ የመጣች ሌላ ዘር ነች፣ የቀሩት የቤት ዳክዬዎች በሙሉ ማላርድ ከሚባለው የዱር ዳክዬ የወጡ ናቸው፣ እነሱ በ28 ቀን ሲፈለፈሉ የሙስኮቪ ግን 35 ቀን ነው የሚፈጀው። አባቱ ከአንዱ፣ እናቱ ከሌላው ዘር ከሆኑ ደግሞ በመሃል፣ ከ30 ቀን በኋላ ይመጣሉ። ሙስኮቪ ከሆኑ ማዟዟሩን አቁመሽ ከሆነ ዛሬውኑ መልሰሽ ጀምሪ፣ የምታቆሚው 32ኛው ቀን አካባቢ ነው። ሙስኮቪ ካልሆኑ ደግሞ ሙቀቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆይቶ ሊሆን ስለሚችል የሚንቀሳቀሱ እስከሆነ ድረስ ጠብቂ፣ ለሌላዋ እናት የጻፍኩትን የመንቁር ጥላ እዪ።

ልጅሽ 4 አመቱ ስለሆነ አንድ ነገር አደራ። የዳክዬ ጫጩት ጤነኛ መስላ ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ጀርም ልትይዝ ትችላለች፣ እዛው አሜሪካ የጤና ሰዎቹ ከ5 አመት በታች ያለ ልጅ ባይነካት ይመረጣል ነው የሚሉት። አንቺ ይዘሽ ያያት፣ ስም ያውጣላት፣ ከዛ ሁላችሁም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ጉንጭ ማስነካት መሳም አይደረግ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነኝ። 5 ጫጩት ወጥቶልኛል፣ በሁለተኛው ቀን በሳፋ ውሃ ውስጥ ለቀቅኳቸው ሁለቱ ተንቀጠቀጡ፣ አሁን 10 ቀናቸው ነው አንዷ ደግሞ እግሯ አልቆም እያለ ትቀመጣለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዳክዬ ስለሆነች ውሃ አይጎዳትም ብለህ ነው፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያስበው። ግን በእናቷ የታቀፈች ጫጩት ከእናቷ ላባ ቅባት ታገኛለች፣ ከማሽን የወጣችው የላትም፣ ትረጥብና ትበርዳለች። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃው ለመጠጥ ብቻ ይሁን፣ ግን መንቁሯን እስከ አፍንጫዋ የምትነክርበት ያህል ጥልቀት ይኑረው፣ አፍንጫዋን በሱ ነው የምታጥበው፣ ገብታ እንዳትሰጥም ጠጠር ጨምርበት። ማሞቂያዋ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 33 ዲግሪ ይሁን፣ ከዛ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ቀንስላት።

እግሯን በተመለከተ መጀመሪያ የቆመችበትን እይ፣ ጋዜጣ ወይም ፕላስቲክ ከሆነ ያንሸራትታታል፣ ፎጣ ወይም ሻካራ ነገር አንጥፍላት። ወለሉ ደህና ከሆነ ግን እኔ የምጠረጥረው ናያሲን ነው፣ የቫይታሚን ቢ ዘር ነው። ዳክዬ ከዶሮ ይበልጥ ትፈልገዋለች፣ በኪሎ መኖ 55 ሚሊግራም ገደማ፣ የዶሮ ጫጩት ስታርተር (የመጀመሪያ መኖ) ግን ለዶሮ ተብሎ ስለሚቀመም ላይበቃት ይችላል፣ እግሯ ይደክማል ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል። የደረቀ የቢራ እርሾ ካገኘህ ለአንድ ኩባያ መኖ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀላቅልላት፣ ለሁሉም ስጣቸው እንጂ ለሷ ብቻ አይደለም። ካጣህ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሄደህ በውሃ የሚሟሟ ናያሲን ያለበት ቫይታሚን በልኩ እንዲያዝልህ ጠይቅ፣ የተቀቀለ አተርም ፈጭተህ ጨምርላት ይረዳታል። ቶሎ ከደረስክላት በጥቂት ቀን ውስጥ ለውጥ ታያለህ፣ ስለዚ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሂድ፣ እስከዛ ሌሎቹ እንዳይረግጧት ለይተህ ውሃና መኖዋን አጠገቧ አድርግላት።